ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የካናቢስ ዘይት ለልጄ ይፈቀድ» ብለን ብንጠይቅስ?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ፊኖባርቢታል ትወስዳለች፤ ያም ሆኖ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይጥላታል። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ከካናቢስ የሚሠራ ዘይት አለ፣ ይዤልሽ ልምጣ ይለኛል። እኔና ሌሎች ወላጆች ደግሞ ሕጉ እንዲሻሻል ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል። ዘይቱ ይረዳታል? ወንድሜ ይዞት ቢመጣስ? በማመልከቻው ላይ ምን ብንጽፍ ይሻላል?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። «ካናቢስ ይፈቀድ» ብላችሁ አትጻፉ። ይህን ርእስ ያነበበ ኃላፊ የሚታየው የሻሸመኔ ማሳ እንጂ የእርስዎ ልጅ አይደለችም፤ ወረቀታችሁም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ደግሞም የምትፈልጉት ተክሉን አይደለም። የምትፈልጉት መጠኑ የተለካ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ የሆነ፣ ሐኪም አዝዞ የሚከታተለው መድኃኒት ነው።

እንዲህ ያለው መድኃኒት አለ። ካናቢዳዮል ይባላል፤ ከተክሉ ተጣርቶ የሚወጣ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፒዳዮሌክስ በሚል ስም የሚሸጠውን ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ2018 ድራቬና ሌኖክስ ጋስቶ ለተባሉ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደ፤ በ2020 ሦስተኛ ጨመረ። ለሚጥል በሽታ ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። የመውደቁን ብዛት ይቀንሳል እንጂ አብዛኞቹን ልጆች ፈጽሞ አይገላግላቸውም። እንቅልፍና ተቅማጥ ያመጣል፤ በተለይ ቫልፕሮኤት ከተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ገበያ ሲገባ የዓመቱ ዋጋ 32,500 ዶላር ገደማ ነበር።

ወንድምዎ ግን ይዞ አይምጣ። ከሱቅና ከኢንተርኔት የሚገዛ ዘይት ውስጡ ያለው ሁልጊዜ ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም፤ ቲ ኤች ሲ የተባለው የሚያሰክረው ክፍል ሊገኝበት ይችላል፣ ይህ ደግሞ በማደግ ላይ ላለ አእምሮ አይበጅም። አደንዛዥ ዕፅን የሚከለክለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525ም አለ። በቦሌ ሻንጣው ሲፈተሽ «ለታመመች የእህቴ ልጅ ነው» ማለቱ ከክስ አያድነውም።

እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢሊ ካልድዌል የተባለ ልጅ እናት ከካናዳ ያመጡትን ዘይት በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተነጠቁ። ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ ሀገር ተንጫጫ፣ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በልዩ ፈቃድ ዘይቱን አስመለሱለት፤ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለና ልዩ ሐኪሞች እንዲያዝዙ ተፈቀደ። ወላጆቹ አሸነፉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ በቂ ማስረጃ የለንም እያሉ ለማዘዝ ስላመነቱ፣ በመንግሥት ጤና አገልግሎት በኩል ያገኙት ልጆች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹ ቤተሰቦች ከኪሳቸው ለግል ክሊኒክ ይከፍላሉ። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ከፈቃዱ ጋር ማን እንደሚያዝዘውና ማን እንደሚከፍልም ይጠይቅ።

አሁን ጠንካራው መከራከሪያችሁ እቤትዎ ነው። ልጅዎ የምትውጠው ፊኖባርቢታል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለካንሰር ሥቃይ የምናዝዘው ሞርፊን ደግሞ በ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከጥብቁ አራተኛ ሠንጠረዥ አውጥቶታል፤ አሁን ያለው ሞርፊን ባለበት በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ሞርፊንን በሐኪም ትእዛዝ፣ በመዝገብና በቁልፍ ይዞ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ሀገር ለአንድ ጠርሙስ ካናቢዳዮል መንገድ ማበጀት አያቅተውም። ይህንኑ ለጤና ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጻፉ። ከፊርማው በላይ የሚሠራው ልጆቹ የወደቁበት ቀንና የሞከሩት መድኃኒት የተመዘገበበት ደብተር፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ሲያያዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አስቀድሙ፤ ያለው መድኃኒት እንዳይቋረጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በተገቢው ሕክምና ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ ያ ሕክምና በአብዛኛው ርካሽ ክኒን ነው። ከጤና ጣቢያ «አልቋል» ተብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ወላጅ ከካናቢስ ዘይት በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው። እኔ ብሆን የማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ይህ ይሆን ነበር።

ለልጅዎም ዘይቱን ከማሰብ በፊት የሚሠራ አለ። ፊኖባርቢታሉ የታዘዘው ስንት ኪሎ እያለች ነው? ልጅ ሲያድግ መጠኑ አብሮ ካላደገ መድኃኒቱ ያንሳታል። ጠበል ስትጠመቅስ ክኒኑን ታቋርጣለች? ጠበሉን ትጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አታስቁሟት፣ በድንገት ማቆም በራሱ ይጥላል። በትክክል እየወሰደች ሁለተኛ መድኃኒትም ተሞክሮ ካልተሻላት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን በሪፈር ትሂድና ልዩ ሐኪም ይያት።

እናንተ ደግሞ የጣና ሰዎች ናችሁ። ብቻዋን እንዳትዋኝ፣ ታንኳ ላይም ያለ ሰው እንዳትወጣ፤ ከምድጃም አርቋት። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቷት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየባት ወይም ሳትነቃ ከደገማት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ያምጧት።