ኤችአይቪ ብመረመር ለፖሊስ ይነገርብኛል?

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። ሴት ጓደኛ አለችኝ፤ ከወንድ ጋርም ግንኙነት አድርጌያለሁ። መመርመር ፈልጌ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ስለሚያውቁኝ ፈራሁ። ለፖሊስ ይናገራሉ? ቫይረሱ ቢገኝብኝስ በሕግ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸም የወሲብ ድርጊትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በመርሕ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ይህን ደብቄ ላጽናናዎት አልፈልግም። ሆኖም የሚያስቀጣው ድርጊቱ ነው። መመርመር፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ መገኘቱም ሆነ መድኃኒት መውሰድ ወንጀል አይደለም። የምርመራው ውጤትም ቫይረሱ ከማን እንደያዘዎት አይናገርም።

ጤና ባለሙያው እርስዎን የመጠቆም ግዴታ የለበትም። ወንጀልን አለማሳወቅን የሚመለከተው አንቀጽ 443 በመሠረቱ የሚያስጠይቀው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። በአንጻሩ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣዋል። ምስጢሩ በሕጋዊ መንገድ የሚገለጠው በዋናነት እርስዎ ሲፈቅዱ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው።

ለምርመራው የአጋርዎን ፆታ መናገር አያስፈልግም፤ «ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጌያለሁ» ማለት ይበቃል። ፊንጢጣ አካባቢ ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም ሕመም ካለብዎት ግን ምልክቱን አይደብቁ። ሐኪሙ ካላየው ቂጥኝም ጨብጥም ሳይታከም ይቀራል። ግንኙነቱ የቅርብ ጊዜ ከሆነና ውጤቱ ኔጌቲቭ ከወጣ ከ3 ወር በኋላ ይድገሙት።

ካርድ ክፍል ያለው ሰው ጎረቤትዎ ከሆነ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ሄደው ይመርመሩ። የሐሰት ስም ግን አይስጡ። በኋላ ወደ ሌላ ተቋም ሲዛወሩ የማዛወሪያ ወረቀቱና መታወቂያዎ አይገጥሙም፤ መድኃኒት የሚቋረጠው እንዲህ ባለ ጣጣ ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ጤናዎ ከተረጋጋና የቫይረሱ መጠን ዝቅ ካለ የ6 ወር በአንድ ጊዜ ሊሰጥዎት ስለሚችል ራቅ ያለ ከተማ መከታተል ያን ያህል አይከብድም።

ቫይረሱ ከተገኘ ምክር ሰጪዋ የአጋሮችዎን ስም ትጠይቃለች። መስጠቱ በፈቃድዎ ነው፤ ስም ሳይጠሩ ራስዎ ነግረው ማስመርመር ይችላሉ። የሴት ጓደኛዎን ነገር ግን አደራ፣ አንድ ቀንም አያዘግዩ። አንቀጽ 514 ተላላፊ በሽታን ሆን ብሎ ማስተላለፍን በጽኑ እስራት ይቀጣል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ስለዚህ ሕክምናው እሷንም እርስዎንም ይጠብቃል።

የጤና ሠራተኛ ውጤትዎን ለሌላ ሰው ካወጣብዎት ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገረ በዚያው ቀን ይጻፉ፤ የሰማውን ሰው ስም ይያዙ። መጀመሪያ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ። በአንቀጽ 399 ክስ የሚመሠረተው በተጎጂው አቤቱታ ብቻ ነው፤ አቤቱታውም ባወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የሞራል ካሳም በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ይቻላል፤ ጣሪያው 1000 ብር መሆኑ ያሳዝናል። አቤቱታው ላይ «የኤችአይቪ ውጤቴን አውጥቶብኛል» ብለው ይጻፉ እንጂ ቫይረሱ እንዴት እንደያዘዎት አይግለጹ፤ ለክሱ አያስፈልግም። ፖሊስ ስለ ግንኙነትዎ ቢጠይቅዎት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለዎት፤ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ይጥሩ።