አፈሬ ውስጥ ትል አዳኝ ፈንገስ አለ? ጥያቄና መልስ

ኔማቶድ የሚባሉትን ጥቃቅን ትሎች አጥምደው ስለሚበሉ ፈንገሶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ “መኖራቸውን በምን አውቃለሁ?” የሚል ነው።

ጥያቄ፦ አፈሩን በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ባየው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። አፈሩ ራሱ ይጋርዳቸዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ወጥመድ የሚዘረጉት ትል ሲቀርባቸው ነው። ስለዚህ ትል ሰጥቶ ማውጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ እንዴት? ከሀ ጀምረህ ንገረን።

መልስ፦ 2 በመቶ አጋር (ከባሕር አረም የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ዱቄት) በውሃ ብቻ አፍልታችሁ ፔትሪ ሳህን (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የላብራቶሪ ሳህን) ላይ አፍስሱ። ስኳር የሚባል ነገር አታስገቡ፤ ምግብ ካገኘ ተራው ሻጋታ ሳህኑን ይወርረዋል። ሲረጋ 1 ግራም ያህል አፈር በትኑበት። ከዚያ በውሃ የታጠቡ፣ በሕይወት ያሉ ኔማቶዶች ጠብ አድርጉ። ክዳኑን ገጥማችሁ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቦታ አስቀምጡ። በየጥቂት ቀኑ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። በ10ኛው ቀን ምንም የለም ብላችሁ ሳህኑን እንዳትጥሉት፣ አደራ!

ጥያቄ፦ ምን ሳይ ነው “አገኘሁ” የምለው?

መልስ፦ የተያዘ ትል ስታይ። የፈንገስ ክር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አርትሮቦትሪስ ኦሊጎስፖራ የሚባለው ፈንገስ የሚያጣብቅ መረብ ይሠራል። ትሉ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ የቀረው አካሉ ሲወራጭ ታያለህ። ቆይቶ ዝም ይላል፣ ውስጡም በክር ይሞላል። ድሬክስለሬላ የሚባለው ወገን ደግሞ ከ3 ሴሎች የተሠራ ቀለበት አለው። ትሉ ሲገባበት ሴሎቹ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ አብጠው ሲጥ አድርገው ይይዙታል። እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዝርያውን ለመለየት ግን ስፖሩንም (ፈንገሱ የሚራባበትን ጥቃቅን ዘር መሰል ነገር) ማየት ግድ ነው። የኦሊጎስፖራ ስፖር ባለ ሁለት ሴል ነው፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ተሰብስቦ ይታያል።

ጥያቄ፦ የዲኤንኤ ምርመራ አይቀልም?

መልስ፦ መኖሩን ይነግርሻል፣ እያደነ መሆኑን ግን አይነግርሽም። አቅሙ ካለሽ ሁለቱንም አድርጊ።

ጥያቄ፦ ምንም ካልታየ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 1 ግራም አፈር እኮ በጣም ትንሽ ነው። ከተለያየ ቦታ ውሰዱ፣ ናሙናውንም ፀሐይ ላይ አታድርቁት። በዚህ ዘዴ በቀላሉ የማይገኙም አሉ። ለምሳሌ ፖኮኒያ ክላሚዶስፖሪያ የተባለው ፈንገስ በዋናነት የሚያጠቃው እንቁላሉን እንጂ ትሉን አይደለም። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ የኔማቶዱን እንቁላል ትሉ ካሳበጠው የተክል ሥር ላይ ሰብስባችሁ አጋሩ ላይ አስቀምጡ።