ትርፉ አለ፣ ገንዘቡ የታለ?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። በውጤቴ አልታማም። መምህሮቻችን ግን «ሶፍት ስኪል ከሌላችሁ ሥራ ላይ ትቸገራላችሁ» ይሉናል። ቁጥሩ ትክክል እስከሆነ ድረስ የመግባባት ችሎታ ለሂሳብ ሠራተኛ ምን ይጨምርለታል? በምንስ ይለመዳል?

መልስ፦ ቁጥሩ እኮ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው። ደረሰኙ ያለው ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ወይም የግዥ ሠራተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወር መዝጊያ ሲደርስ «ደረሰኝ ጎድሏል፣ ቶሎ ይላክ» ብለው ቢጽፉ መልስ አያገኙም፤ ሰውየው የትኛው ደረሰኝ እንደሆነ በምን ያውቃል? እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በቫውቸር ቁጥር 214 ለነዳጅ ለተከፈለው 4,800 ብር ደረሰኝ አልተያያዘም። ወሩን ሐሙስ ስለምንዘጋ እስከ ረቡዕ ቢያደርሱልን። ከጠፋም ይንገሩኝ፣ ከሻጩ ቅጂ እንጠይቃለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው የሚፈራው ቁጣ ነው። መውጫ ካላገኘ ዝም ይላል፤ ጉድለቱም ዓመቱ ሲያልቅ በኦዲተር ይገኛል።

ሁለተኛው ፈተና ማስረዳት ነው። ሥራ አስኪያጁ «300,000 አተረፍን ብላችሁ የባንክ ሂሳባችን ለምን በ30,000 ቀነሰ?» ቢሉ «በአክሩዋል ስለምንመዘግብ ነው» (ማለትም ሽያጩንና ወጪውን የምንመዘግበው ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ ሳይሆን ሲፈጸሙ ነው) የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም አይጠቅማቸውም። «በዱቤ ከሸጥነው ውስጥ 260,000 ገና ከደንበኞች እጅ አልገባም። 70,000 ደግሞ የብድሩን ዋና ገንዘብ ከፍለንበታል፤ እሱ ዕዳ ይቀንሳል እንጂ ወጪ ተብሎ ከትርፍ አይነሳም» ሲባሉ ግን ነገ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። እንዲህ ማስረዳት የማይችል ሰው፣ በእኛ እምነት፣ ሂሳቡንም ገና አልጨረሰውም።

ይህ የመምህሮቻችሁ ምክር ብቻ አይደለም። ለሂሳብ ባለሙያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ደረጃ ቁጥር 3 ከሰው ጋር መሥራትንና መግባባትን ባለሙያው ሊኖሩት ከሚገቡ ክህሎቶች ጋር አካቶታል።

ልምምዱ ወጪ የለውም። በቡድን ሥራ ሁልጊዜ ስሌቱን ብቻ ይዘው አይቀመጡ፤ ጓደኛዎ የሠራውን ክፍል እርስዎ ያቅርቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ የሠሩትን አንድ ጥያቄ አካውንቲንግ ላልተማረ ሰው፣ ዴቢትና ክሬዲት የሚሉትን ቃላት ሳይጠሩ፣ በ2 ደቂቃ ያስረዱ። አድማጭዎ «ማለት?» ሲል አያቋርጡት፤ ያስጠየቀውን ቃል ይጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ያለዚያ ቃል ለሌላ ሰው ያስረዱ።