የ412 ብር ጉድለት

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መገናኛ አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት በካሸርነት ከተቀጠረች ገና አራት ወሯ ነው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ በጣም አርጅቷል። ሰልፉ ሲረዝም ቀጥ ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ደግሞ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም። ጉድለቱን ከደመወዜ ይቆርጡብኛል። ሥራውን ልተወው ወይስ ልቻለው?»

ቶናው እስኪቀዳ ድረስ አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ አንዲት ሌላ ልጅ አስታወሰኝ። ይህን የምጽፈው ለጎረቤቴ ልጅና እንደ እሷ ካሸር ሆናችሁ፣ መጋዘን ይዛችሁ፣ ሒሳብ ክፍል ገብታችሁ ካረጀ ኮምፒውተር ጋር ለምትታገሉ ልጆች ነው።

ሥራ የጀመርኩት በ1994 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ውስጥ። የሒሳብ ዲፕሎማ ነበረኝ። በዚያ ላይ ሦስት ወር ኮምፒውተር ስለተማርኩ የኮምፒውተሩም ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ፊት ለፊት ሁለት ካሸሮች፣ ጓዳ ውስጥ እኔና ዋናው ማሽን። ፕሮግራሙ ፎክስፕሮ በሚባል የድሮ የፕሮግራም መሥሪያ የተጻፈ ነው። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ። ማውስ የሚባል ነገር የለም። የጻፈው ሰውዬ ውጭ አገር ሄዷል፤ ስልኩን የሚያውቅ አልነበረም። ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ፍሎፒ ላይ ገልብጬ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንዱ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ አይገባበትም።

ፕሮግራሙ 12 ወር ብቻ ነበር የሚያውቀው። ጳጉሜን አያውቃትም። ስለዚህ የአምስቱን ቀን ሽያጭ በሙሉ ነሐሴ 30 ብለን እንመዘግብ ነበር። መዝገቡን ለሚያየው ሰው የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነሐሴ 30 ይመስላል። ይህን የምናውቀው እኔና ሁለቱ ካሸሮች ነበርን። ያረጀ ሲስተም እንዲህ ነው። ጠባዩ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ የትም አልተጻፈም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቫት የተጀመረው በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ነው። የእኛ ፕሮግራም ግን የተሠራው ለድሮው የሽያጭ ታክስ ነበር፤ ቫቱን ደረሰኝ ላይ ለብቻው ማሳየት አይችልም። ካሸሮቹ 15 በመቶውን በካልኩሌተር እያሰቡ ደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። በዚህ መሀል ገና ደረሰ። የዋዜማው ቀን ሱቁ ጢም ብሏል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ሽያጩ የሚቀመጥበት ፋይል አንድ ነው፤ ሽያጩን ፈልጎ የሚያገኝበት ማውጫ ደግሞ ሌላ። መብራት በመሀል ከጠፋ ሽያጩ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ማውጫው ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። ካሸሯ ማሽኑን አብርታ የመጨረሻውን ሽያጭ ትፈልጋለች። የለም ይላታል። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ነውና ደግማ ትመዘግበዋለች። ማታ እኔ ማውጫውን እንደገና ሳሠራው የተደበቀው ሽያጭ ብቅ ይላል። አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ የተሸጠ ይሆናል። የገባው ብር ግን የአንዱ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ከአንደኛዋ ካሸር 412 ብር ጎደለ። የወር ደመወዟ 380 ብር ነበር።

ልጅቷ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረች። መሳቢያውን ከነትሪው አውጥታ ገለበጠችው። የጋቢዋን ጫፍ፣ የቦርሳዋን ኪስ ሳይቀር ፈታ አሳየችን። ማንም አሳዪ አላላትም። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ «ኮምፒውተሩ ላይ ችግር አለ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ሞቶ ነበር። እንዳስቀይረው ከተነገረኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የበዓል ሥራ በዛብኝ ብዬ አዘገየሁት። ባትሪው ቢኖር ኖሮ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ባልጠፋ ነበር። ችግር አለ ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የባትሪው እንደሆነ አውቄያለሁ። የዕለቱን ዝርዝር አንድ በአንድ ብመለከት ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። አልተመለከትኩም፤ የማገኘውን ስለማውቅ።

ጉድለቱን በየወሩ 103 ብር እየቆረጡ በአራት ወር ጨረሱባት። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። የደመወዝ መክፈያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ በስሟ ትይዩ 103 ብዬ ጽፌያለሁ። አራት ጊዜ ፈርማ ወስዳለች። ግንቦት ላይ ሥራውን ለቀቀች።

ሰኔ 30 ቆጠራ ተደረገ። መጋዘን ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ከመዝገብ በላይ ተገኘ፤ 260 ብር። አንድ ፔርሙዝ ከነሲኒዎቹ እንዲሁ፤ 152 ብር። ደምሩት። መዝገቡ ላይ «የቆጠራ ትርፍ» ብዬ ጻፍኩና ገጹን ገለጥኩት።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ የመከርኳት ብዙ አይደለም። ደብተር ያዢ አልኳት። ማሽኑ ቀጥ ባለ ቁጥር ሰዓቱን፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር፣ ስክሪኑ ላይ የነበረውን ጽሑፍና ማንን እንደጠራሽ ጻፊ። ያንኑ ሽያጭ ደግመሽ ከመመዝገብሽ በፊት ኃላፊሽን ጥሪና አብራችሁ እዩት፤ ደብተሩ ላይም አስፈርሚው። ያኔ ያች ልጅ አንድ ገጽ ማስረጃ ቢኖራት የእኔ «ደህና ነው» ማለት ባልጸና ነበር።

የዛሬው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ከእኛው ይሻላል። በ1999 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶ አስገዳጅ የሆነው ይህ ማሽን የተመዘገበውን እንዲያጠፋ ሆኖ አልተሠራም። ማታ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት የቀኑን ሽያጭ ይነግራችኋል። ነገር ግን ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ነው። መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ይደበዝዛል፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቴሌብር ነገርም አለ። ደንበኛው በቴሌብር ይከፍላል፤ ያረጀው ሲስተም ግን ሁሉንም ጥሬ ብር ብሎ ይይዘዋል። የግብይት ቁጥሩን ለብቻ ካልጻፋችሁ ማታ ስትጨነቁ ታመሻላችሁ።

ሕጉንም እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ዝም ብሎ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይም አይቆረጥም። ስለዚህ አንድ ወረቀት ፈርሚ ሲሏችሁ መጀመሪያ አንብቡት። ያቺ ልጅ ሳታነብ ነው የፈረመችው፤ ወረቀቱን ያቀረብኩላት እኔ ነበርኩ።

ስለ እናንተ ቅር የሚለኝም ነገር አለ። «ሲስተም የለም» የምትሏት ነገር። ደንበኛው ሰላሳ ደቂቃ ተሰልፎ ይደርሳል፤ «ሲስተም የለም» ብላችሁ ወደ ስልካችሁ ትመለሳላችሁ። ለምን እንደቆመ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ የለም። እኛ ማሽኑ ሲቆም በእጅ ደረሰኝ ጽፈን፣ በካርቦን ገልብጠን ሰውን እናስተናግድ ነበር። ደግሞ ሳስበው በእናንተ አልፈርድም። እኛ ማሽኑ ለምን ቆመ ብለን የጠየቅነው ሰው የለም። ችለን ዝም አልን። የጎረቤቴ ልጅ በአራት ወሯ የጠየቀችውን እኔ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ጮክ ብዬ አልጠየቅኩም።

ልተወው ወይ ላለችው፣ አትተይው አልኳት። ከሰነፍ ማሽን ጋር የሠራ ሰው ሒሳብ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚሰወር ያውቃል፤ አዲሱ ሲስተም ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ለእሱ ነው። ግን ደብተርሽን አሳይተሽ አንመለከትም ካሉሽና ቆረጣው ከቀጠለ፣ በወሩ ውጪ። ሁለቱንም ብያታለሁ። ሁለቱንም አምንበታለሁ።

ከመሄዷ በፊት «ጋሼ፣ ልጅቷን ፈልገዋት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ፈልጌያት አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አራት ኪሎ ታክሲ ተራ ላይ አገኘኋት። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ስለ ሱቁ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» አለና ገባች፤ ታክሲው ሄደ።

እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ምናልባት እጅሽ ከገባ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተቆረጠብሽ 103 ብር ያንቺ ነበር። ብርድ ልብሱ መጋዘን ውስጥ ተገኝቷል። ፔርሙዙም ከነሲኒዎቹ።