መልስ፦ የካሲና መለያ ያለው «ሌዲ» ወንበር የእ.ኤ.አ. 1951 ምርት ሊሆን ይችላል?

ሊሆን አይችልም። ሻጩ «የ1951 ነው» ቢልዎትም፣ የጣሊያኑ የቤት ዕቃ አምራች ካሲና ይህን ባለ መደገፊያ ወንበር እንደገና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ፣ መለያው ትክክለኛ ከሆነ የሚገዙት ዳግም ምርቱን ነው። 1951 ሚላኖአዊው አርክቴክት ማርኮ ዛኑሶ ወንበሩን የነደፈበትና በሚላኖ ትሪየናሌ ዐውደ ርእይ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘበት ዓመት ነው፤ በዚያን ጊዜ ያመረተው ደግሞ አርፍሌክስ የተባለው ሌላ የጣሊያን ኩባንያ ነበር።

አርፍሌክስ የተቋቋመው በጎማ አምራቹ በፒሬሊ ድጋፍ በመሆኑ፣ ዛኑሶ በሽቦ ሞላ ፈንታ የጎማ ስፖንጅና የላስቲክ ጠፍር ተጠቅሞ፣ መቀመጫውን፣ ጀርባውንና ሁለቱን ክንዶች ለየብቻ አልብሶ የመገጣጠም ዘዴን ሊከተል ችሏል። በእኔ እምነት የወንበሩ ትልቅነት ከቅርጹ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የቀድሞውን ምርት ከፈለጉ ግን ጨርቁ አያታልልዎ። እኔ አዲስ ጨርቅ የለበሰ የዚያን ዘመን ወንበር ገዝቼ ብፈታው፣ ስፖንጁ ደርቆ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈብኝ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት መቀመጫውን በእጅዎ ይጫኑት፤ ተመልሶ ካልተነሣ ወይም ከሥሩ ብናኝ ካራገፈ፣ የስፖንጁና የጠፍሩ መቀየሪያ ወጪ ከዋጋው እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ።