«አእምሮዬም ቤቴም ይረፍ፤ ከየት ልጀምር?» ላሉት መልስ

ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ሌሊት እየነቁ ያድራሉ፤ ሐሳብ አላስተኛ ብሎዎታል፤ ቤትዎንም ከኬሚካል ማራቅ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ሰውነት የሚያጸዳ «ዲቶክስ» ሻይ እንዲጀምሩ መክሮዎታል። የቤቱንና የአእምሮውን ለይተው ነው የጠየቁት፤ እኔ ግን አብሬ እመልሳቸዋለሁ። የታፈነ አየር ራስ ያሳምማል፣ ያደክማል፣ ያነጫንጫል፤ ብዙ ሰው ይህን ጭንቀት ነው ብሎ ነው የሚታገለው።

ሻዩን ይተዉት። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም አጣርቶ አብዛኛውን ይመልሳል፣ ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል። ጉበትም የራሱን ድርሻ ይሠራል። በዚያ ስም ከሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ ሰው ቀለል አለኝ የሚለው ውኃና ጨው ስለወጣው ነው። ሲደጋገም በሰውነት ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ይቀንሳል፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል። ዋናው ሥራ የገባውን ማስወጣት ሳይሆን እንዳይገባ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚገዛ ነገር እምብዛም የለም፤ ይልቅስ የሚቀር ነገር ነው ያለው።

ከአየሩ ይጀምሩ። ጠዋት ሲነሱ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን፣ ወይም አንድ መስኮትና በር፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከፍተው ይተዉ። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙም አይረዳም፤ አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል። ምግብ ከተበሰለ በኋላና ቤት ከጸዳ በኋላም እንዲሁ ያድርጉ። መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆኑ ትራፊክ ሳይጀምር በማለዳ ይክፈቱ። ሽታ ለማጥፋት የሚረጨው የአየር ሽቶ ሽታውን አያጠፋም፤ ሌላ ኬሚካል ይጨምርበታል። ሽታ ካለ ምንጩ አለ፦ እርጥብ ፎጣ፣ የተዘጋ የውኃ መውረጃ፣ ያልተደፋ ቆሻሻ። ምንጩን ይፈልጉ።

የከሰል ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ይገድላል። ሰው የሚታለለው ከሰሉ ደህና ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንማ ሰላም ነው» ብሎ ነው። ጭሱ ይጥፋ እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ አልጠፋም፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚይዝ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ነው። ቤት ሲሆኑ የሚጀምር፣ ውጭ ሲወጡ የሚተው፣ አብሯችሁ የሚኖረውንም ሰው የሚያም ራስ ምታት ካለ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ይህን ይጠርጥሩ። ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡም «ቤት ውስጥ ከሰል ነበረ» ብለው ይናገሩ። ፍሙ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ጄኔሬተርም በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ።

ቀጥሎ በረኪና። ጠላት አይደለም፤ አለቦታውና አለመጠኑ ስንጠቀምበት ነው የሚጎዳን። ለየቀኑ ወለል ሳሙናና ውኃ ይበቃል። በረኪና የሚያስፈልገው ለሽንት ቤት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታ፣ የታመመ ሰው ላለበት ክፍል ነው። መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሙቅ ውኃ ላይ አይጨምሩት፤ ኃይሉን ይገድለዋል፣ ትነቱንም ወደ ፊትዎ ይልከዋል። መጀመሪያ ቦታውን በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ጨርሶ ጀርሙን ሳይነካ ይቀራል። ቀጥሎ የተበጠበጠውን ቀብተው 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ወዲያው አፍስሶ ወዲያው መጥረግ ሽታ እንጂ ጥቅም የለውም። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚደክም ለነገ አያስቀምጡት።

በረኪናን ከምንም ጋር አይቀላቅሉ። ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ። «ሁለቱን ብቀላቅል የበለጠ ያጸዳል» የሚለው ሐሳብ ነው ሰውን ሆስፒታል የሚያስገባው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሽንት ራሱ አሞኒያ እንዳለው ነው፤ መጸዳጃው ላይ መጀመሪያ ውኃ ሳይለቁ በረኪና ማፍሰስ ዓይን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። በስሕተት ከተቀላቀለ ጎንበስ ብለው ለማጠብ አይሞክሩ፤ በሩን ከፍተው ይውጡ፣ አየሩ እስኪጸዳም አይመለሱ። ዓይን ከነካ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ። ሳል ወይም የደረት መጨምደድ ካለ ለሐኪም ይታዩ፤ የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። የትኛውንም ኬሚካል በመጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚለወጠው ትንሽ ነው። ምግብ የማይዝ (ኖን-ስቲክ) መጥበሻ ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድ። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶ መጥበሻ በደቂቃዎች ውስጥ እዚያ ይደርሳል፤ ጭሱም ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ያመጣል። ትኩስ ምግብና የፈላ ውኃ ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ፤ ሙቀትና ቅባት ከፕላስቲኩ ኬሚካል ይስባሉ። ፕላስቲኮችዎን ሁሉ አውጥተው መጣል የለብዎትም፤ ለደረቅና ለቀዝቃዛ ነገር ያውሏቸው፤ የተጫጫሩትን ብቻ ያስወግዱ። ፍራፍሬን በወራጅ ውኃ እያሹ ማጠብ ጥሩ ነው። ከላዩ ያለውን የፀረ ተባይ ቅሪት ይበልጥ ለመቀነስ 1 ሊትር ውኃ ላይ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ) በጥብጠው 15 ደቂቃ ያቆዩትና ያለቅልቁት። ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን ምንም እጥበት አያወጣውም።

አቧራን በደረቁ አይጥረጉ፤ ወደ አየር ተነስቶ ይተነፍሱታል። እርጥብ ጨርቅ ወይም መወልወያ ይጠቀሙ፣ ጫማም በር ላይ ይቅር። አሮጌና የተላላጠ ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈቅፍቁት፤ በተለይ የሚድህ ልጅ ካለ።

ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ከአእምሮ ሰላም ጋር ምን አገናኘው ይሉ ይሆናል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከምልክቶቹ መካከል እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭና የእጅ መንቀጥቀጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ስለ ሜርኩሪ የተደረገ ዓለም አቀፍ ውል፣ የሚናማታ ስምምነት፣ ከ2020 በኋላ እንዲህ ያለ ክሬም እንዳይመረትና ወደ ሌላ አገር እንዳይላክ ቢከለክልም ዛሬም ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ ካሎሜል (የሜርኩሪ ውህድ ነው) ወይም ሜርኩሪ የሚል ካለ፣ ወይም ጭራሽ የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ ዛሬውኑ ያቁሙ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። እንቅልፍ የሚስተካከለው ከመኝታ ሰዓት ይልቅ ከመነሻ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ይምረጡ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መጥፎ ሌሊት ቢያሳልፉም በዕረፍት ቀንም በዚያው ይነሱ። በተነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውጭ ብርሃን ላይ ይቆዩ፤ ቢችሉ እየተራመዱ። ደመና ቢሆን እንኳ የውጩ ብርሃን ከክፍል መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሰውነት ሰዓትም የሚሞላው በእሱ ነው።

ቡና፣ ሻይና ኮላ ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ በ10 ሰዓት የጠጡት ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምዎ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኙ ከሆነ የመጨረሻው ሲኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። በአንድ ቀን ማቆም ግን ራስ ምታት ያመጣል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፤ ሌሊት የሚነቁበት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ስልክዎ ሌላ ክፍል ይደር። ለማንቂያ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ተራ ሰዓት ይበቃል። በቀን ደግሞ ከጥሪና ከቅርብ ሰው መልእክት በስተቀር ሁሉንም ኖቲፊኬሽን ያጥፉ። ስልኩን አስቀምጦ ላለመንካት ራስን ማሸነፍ አድካሚ ነው፤ ካልጮኸ ግን ትግሉ ራሱ አይመጣም።

ለሐሳቡ ቀጠሮ ይስጡት። ከመኝታ ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ ለ15 ደቂቃ የሚያስጨንቅዎትን በወረቀት ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ነገ የሚደረግ አንድ ትንሽ እርምጃ ያስቀምጡ። እርምጃ ከሌለው «አሁን በእጄ አይደለም» ብለው ይጻፉበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሜታቸውን ብቻ እየደጋገሙ ሲጽፉ ነው፤ ያ ጭንቀቱን ያብላላዋል እንጂ አያሳርፈውም። ሌሊት ነቅተው ወደ 20 ደቂቃ የሚሆን ከመሰለዎት ተነሥተው በደብዛዛ ብርሃን የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ሰዓት አይዩ፤ «አራት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» የሚለው ስሌት ራሱ ያነቃል።

ትንፋሹም ይረዳዎታል። በአፍንጫ 4 ሴኮንድ ያስገቡ፣ 6 ሴኮንድ ያስወጡ፣ ለ5 ደቂቃ። ማስወጫው ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። ከዞረብዎት ወይም ጣትዎ ከነዘረ በጣም በጥልቀት እየሳቡ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ስለወጣ ነው። መፍትሔው አየሩን ማብዛት ሳይሆን ማሳነስ ነው፤ ሆድ በትንሹ ከፍ ዝቅ እስኪል ብቻ። ካስቸገረ በ3 እና በ4 ሴኮንድ ይጀምሩ። ተረጋግተው ባሉበት ሰዓት በየቀኑ ካልተለማመዱት ጭንቀት ሲመጣ አይታዘዝልዎትም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት መስኮቱንና የመነሻውን ሰዓት ብቻ ይያዙ፤ ሁለቱ ይገናኛሉና፣ ተነሥተው መስኮት ይከፍታሉ፣ ይወጣሉ። በሁለተኛው ስልኩን ያውጡ። ካፌይኑ ከዚያ ይከተል። የከሰሉና የበረኪናው ግን ቀን አይሰጠውም።

አብዛኛውን ቀን ጭንቀቱ ወይም መከፋቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም እያንኮራፉ ትንፋሽ ይቋረጥብዎታል የሚል ሰው ካለ፣ ለሐኪም ይታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ፤ ብቻዎንም አይሁኑ።

አንድ ነገር ይጻፉልኝ፦ ጠዋት ሲነሱ ራስዎን ያምዎታል? መኝታ ክፍልዎ ሌሊት ሙሉ ተዘግቶ ነው የሚያድረው? የመጨረሻውን ቡና የሚጠጡትስ ስንት ሰዓት ነው?