መልስ፦ የእናትሽን አስም የሚያስነሳው እጣኑ ነው ወይስ ከሰሉ?

«ቡና በተፈላ ቁጥር የእናቴ አስም ይነሳባታል፤ እጣኑ ነው ወይስ ከሰሉ?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ሁለቱም ናቸው። ጭሳቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ ስላለው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ቀድሞውኑ የተቆጣውን የአየር ቧንቧ ያጠበዋል። እጣኑን ለጊዜው ተዉት (ጎረቤት ቢያማ ይማ!)። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል። ፍሙ ቤት ሲገባም፣ ጭስ ባይታይ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ መስኮት ክፈቱ።

የኔ እናት ደግሞ በርበሬ ሲቆላና በረኪና ሲሸታት ነበር የሚብስባት። አንሶላና ብርድ ልብሷን በ60 ዲግሪ ውሃ ስናጥብ የሌሊቱ ሳል ቀለል አላት፤ ሙቀቱ አቧራ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ተባዮች ይገድላል።

ሰማያዊውን ፓፍ (ሲያፍናት በአፍ የሚሳበውን ማስታገሻ) በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከፈለገች ግን ሐኪም ይያት።